የበቆሎ ልብስ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከካምፑ ወደ ሥራ የሚያስገባው በር ትንፋሽ ይጠይቃል። ሠራተኛው ተራውን ጠብቆ አፉን ወደ ቀዳዳው ያስጠጋል፣ እፍ ይላል፣ አረንጓዴው መብራት ሲበራ ያልፋል። በሩ ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትናንት ከሥራ ሲወጣ የተሰጠችው፣ ማረፊያ የምትባለው የካናቢስ ጥቅል መጨሷን። ካናቢስ በሚያበቅለው ድርጅት ሕግ ያላጨሰ ሰው ያላረፈ ሰው ነው። ያላረፈ ሰው ደግሞ ይነጫነጫል፣ ይከራከራል፣ ሲብስበትም ሰው ይሰበስባል። መብራቱ ቀይ የሆነበት ወደ ጎን ወጥቶ ወንበር ላይ ይቀመጥና ዘበኛው ፊት አንዷን አጭሶ ይገባል። በዚህ የሚገረም የለም። ከተሰለፉት ግማሾቹ የተወለዱት እዚያው ካምፕ ውስጥ ነው።

አስናቁ ግን ካምፑ ውስጥ አልተወለደችም። እፍ የሚባለው ለእሳትና ለትኩስ ሾርባ ብቻ የነበረበትን ዘመን ታስታውሳለች። ይህን ለማንም አትናገርም፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ትዝታ ሰውን ያስረጃል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። ወደ ብላቴ ሸለቆ የመጣችው በሃያ ሦስት ዓመቷ ታላቅ ወንድሟን ዳምጠውን ተከትላ ሲሆን አሁን አርባ አምስት ሞልቷታል። ሥራዋ ጠቅላይነት ነው። ጠቅላይ ስትባል አትደንግጡ፤ የምትጠቀልለው ቅጠል ነው።

በየወሩ መጀመሪያ አዳዲስ ሠራተኞች ጠረጴዛዋ ዙሪያ ይቆማሉ። ሦስት ጥቅል ታስቀምጥላቸዋለች።

«ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?»

«ሆዳቸው ውስጥ ያለው» ይላሉ አብዛኞቹ።

«ተሳስታችኋል። ይቺ ቀጭኗ ጆይንት ናት። ልብሷ ወረቀት፣ ሆዷ ካናቢስ ብቻ። ይቺኛዋ ስፕሊፍ ናት። እሷም ወረቀት ለብሳለች፣ ሆዷ ውስጥ ግን ካናቢሱ ከትምባሆ ጋር ተደባልቋል። ይቺ ወፍራሟ ደግሞ ብላንት ናት። ሆዷን ብትከፍቱት እንደ መጀመሪያዋ ካናቢስ ብቻ ነው። ትምባሆው ልብሷ ነው፣ ሙሉ የትምባሆ ቅጠል።»

«ታዲያ ልብስ ምን ያደርጋል?» ትላለች አንዷ። ሁልጊዜ እንዲህ የምትል አንድ አትጠፋም።

«ልብሱም አብሮ ይጨሳላ፣ የኔ እናት!»

ከዚያ አጠቃለሉን ታሳያቸዋለች። ወረቀት በቁመቱ ይታጠፋል፣ ስፌቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቅጠል ግን እንዲያ አይሆንለትም፣ ይቀደዳል። ቅጠል በሰያፍ ተይዞ እንደ ፋሻ እየተጠማዘዘ ነው የሚለበስ። ጥምዝምዙ ወደ ቀኝ ይዞራል። የአስናቁ ብቻ ወደ ግራ ይዞራል፣ ምክንያቱም አስናቁ ግራኝ ናት። በአዳራሹ ሌላ ግራኝ የለም። ውጭ አገር ያሉ ገዢዎች ቅጠል የለበሰችዋን ይወዷታል፤ ቀስ ብላ ትነዳለች፣ ጭሷም ከባድ ነው ይላሉ። ወረቀት የለበሰችዋን የሚያጨሱት የድርጅቱ ሠራተኞች ነበሩ።

ዳምጠው በግሪን ሃውሶቹ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኬሚካል ረጭቷል። ከዚያም በላይ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጋራ ያጨስ ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት ሳንባው ተቆርጦ ግማሹ ሲወጣ ሐኪሟ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ትምባሆ ደግመህ ከነካህ ሁለት ክረምት አታይም» አለችው። ተወው። ሲተው የሆነውን ያየች እህቱ ናት። ሌሊቱን ብርድ ልብሱን እየነከሰ ያድር ነበር፤ ያለቅስ ነበር፤ አንድ ቀን የእሷን ቦርሳ ሲበረብር አግኝታው ሁለቱም አፈሩ። ዓመት ፈጀበት። ከዚያ በኋላ በማረፊያ ካርዱ ላይ «ወረቀት ብቻ» የሚል ማህተም ተመታለት፣ ዓርብ ዓርብም ክሊኒክ ሄዶ ኦክስጅን ይወስድ ጀመር። ለተቆረጠ ሳንባ ካናቢሱስ ይበጃል ወይ የሚል ካለ፣ አይበጅም። ነገር ግን በሩ ትንፋሽ ይጠይቃል፤ ድሃ ደግሞ ከሁለት ክፉ ቀለል ያለውን ይመርጣል።

በሐምሌ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ወረቀት ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ከሰኞ ጀምሮ የግሪን ሃውስ ሠራተኞች ማረፊያ በአገር ውስጥ ቅጠል እንደሚሆን ይገልጻል። ከሥሩ በትልቁ «ቅጠል ተፈጥሮ ነው» ይላል።

ዳምጠው ካርዱን አሳየ። የማረፊያ አዳዩ ማህተሙን አነበበ፣ ከልቡ አዘነለት፣ ቅጠሏንም ሰጠው። ዳምጠው ኪሱ ከትቷት ሳያጨስ አደረ። በማግስቱ ቀይ በራ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ዘበኛው ክብሪት አቀበለው።

አመሻሹ ላይ አስናቁ ከሥራ ስትመለስ በራፉ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘችው። ከንፈሩን ደጋግሞ ይልሳል።

«አመመህ እንዴ ወንድምዓለም?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ምን ሆንክ?»

«ጣመኝ» አለ። «አስናቁ፣ ጣመኝ እኮ!»

ሰው ሲፈራ አይታ ታውቃለች፣ እንዲህ ሲፈራ ግን አይታ አታውቅም። በዚያች ሰዓት ወንድሟን ከትምባሆ ልታስጥል ለራሷ ማለች። እንዴት እንደምታስጥለው ግን አታውቅም ነበር።

መላው የመጣው ከእሸት ነው። እሑድ ከሰዓት በጓሮዋ ካበቀለቻት በቆሎ ሰብራ እየላጠች ሳለ ፍሬውን ከተጠጋው ሽፋን አንዱ እጇ ላይ ቀረ። ስስ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ይታጠፋል፣ አይሰነጠቅም። ግራ እጇ ሳታዘው ሽፋኑን በሰያፍ ያዘው። ተነሥታ የወንድሟን ማረፊያ አመጣች፣ የትምባሆ ልብሷን በአውራ ጣት ጥፍሯ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀች፣ የሆዷን ካናቢስ በሽፋኑ ላይ አፍስሳ ጠቀለለችው፣ ጫፉንም በሊጥ ጠብታ ለጠፈችው። የተገፈፈውን ቅጠል ሽንት ቤት ጣለችው። በማግስቱ አረንጓዴ በራ። በሩ ትምባሆ አይጠይቅም። ትምባሆ ራሱ ነው ሰውን የሚጠይቀው።

ማረፊያ መፍታት ግን ወንጀል ነው። የተገኘበት በአንድ ቀን ውስጥ ቤተሰቡን ይዞ ከካምፕ ይወጣል። ከካምፕ ውጭ ያለው ክሊኒክ ኦክስጅን የለውም። ስለዚህ አስናቁ ለወንድሟ ብቻ ልትጠቀልል ወሰነች። ወሰነች እንጂ አልሆነም። ጎረቤቷ ዘነቡ አስም አለባት፣ ከቅጠሏ ወዲህ ደረጃ መውጣት አቅቷት ነበር። ዳምጠው በበቆሎ ሲያጨስ አየች።

«እኔስ የሰው ልጅ አይደለሁም እንዴ አስናቁ?» አለቻት።

ይህን ተብሎ ማን እምቢ ይላል? ለዘነቡ ጠቀለለችላት። ዘነቡ ለእህቷ ነገረች፣ እህቷ ለባሏ ነገረች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሠላሳ ያህል ሰው ከሥራ ሲወጣ ማረፊያውን በነጠላው ጫፍና በኮቱ ኪስ እየደበቀ ወደ አስናቁ ቤት ጎራ ይል ጀመር። የመጀመሪያውን ሳምንት ራስ ምታቱና ብስጭቱ ሁሉንም ፈጃቸው። ካለፈ በኋላ ግን ፊታቸው ፈካ። አንዱ «እንቅልፍ ምን እንደሆነ ረስቼው ነበር» አለ። ዘነቡም አንድ ቀን ድንገት «አገሬ ናፈቀኝ» አለች። ፈቃድ ወጥታ ሄደች። ፈቃድ የወጣ ሰው በሦስተኛው ቀን ማረፊያውን ፍለጋ እየሮጠ መመለሱ የታወቀ ነው። ዘነቡ ግን አልተመለሰችም። አስናቁ ቀናችባት እንጂ ለምን ብላ አልጠየቀችም።

በኅዳር መጨረሻ ከቢሮ ተጠራች።

የምርት ክፍሉ ኃላፊ ኢንጂነር ቃለአብ ይባላል። ልጅ እግር ነው፣ ትሑት ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ጠረጴዛው ላይ ጫፏ የተቃጠለ የበቆሎ ጥቅል ተቀምጣለች።

«ይቀመጡ እትዬ አስናቁ። ይቺን ጽዳት ሠራተኛዋ ናት ያገኘቻት። ጥምዝምዟ ወደ ግራ ነው።»

ለብዙ ዓመት የለመደ እጅ ምን ያድርግ? በወረቀት ሕግ ቀጥ አድርጋ ብታጥፈው ማንም አያውቃትም ነበር። እሷ ግን ሽፋኑን ቅጠል ነው ብላ እንደ ቅጠል አለበሰችው፣ በገዛ እጇም ፈረመችበት።

«ወንድሜ አያውቅም» አለች። «እኔ ነኝ። ለብቻዬ ነኝ።»

ቃለአብ ፈገግ አለ። «ማን ሊከስዎት ነው? ላመሰግንዎት ብዬ እኮ ነው የጠራሁዎት። የውጭ ገዢዎች ቅጠል አነሰን እያሉ ነው፣ እኛ ደግሞ ቅጠሉን ለሠራተኛ እናጨሳለን። በቆሎ በነፃ የሚጣል ነገር ነው። ሰዉም ወዶታል። ከሰኞ ጀምሮ የግሪን ሃውስ ማረፊያ በሙሉ በበቆሎ ይሆናል። ስምንት ጠቅላዮች እሰጥዎታለሁ፣ አለቃቸው እርስዎ ነዎት።»

አስናቁ አለቀሰች። እጁን ልትስመው ምንም አልቀራት። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ካምፕ ደረሰ፤ ሴቶቹ በየበራፉ እልል አሉ፣ አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ አቁመው መረቋት። ዳምጠው እንደዚያ ቀን ሲስቅ አይታው አታውቅም።

«ለካ ሰው ናቸው» አለ።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይላል የአገሬ ሰው። ይህን ተረት ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ግን የሚያስታውሰው ከወደቀ በኋላ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሽፋኖቹ በበርሜል መጡ። አስናቁ የጠበቀችው የደረቀና የነጣ ነገር ነበር። የመጣው ግን ቡናማ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ሲያነሱት ይንጠባጠባል። አንዱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። የትምባሆ ግንድ ተቀቅሎ ሽፋኑ ሦስት ቀን ሲነከርበት ቆይቷል። ስምንቱ ጠቅላዮች ዓይን ዓይኗን ያያሉ። ተነሥታ ወደ ቢሮ ወጣች።

«ተበላሽቷል» አለችው ቃለአብን። «ትምባሆ ነክቶታል።»

«አልተበላሸም እትዬ አስናቁ።»

«እኔ እኮ የሠራሁት ትምባሆውን ልሸሽ ብዬ ነው!»

«አውቃለሁ።» ወንበር ሳበላት፣ አልተቀመጠችም። «እርስዎ ከጠቀለሉላቸው ሰዎች መካከል አሥራ ሁለቱ ከፈቃድ አልተመለሱም። ከዚያ በፊት ለስድስት ዓመት አንድም ሰው ቀርቶብን አያውቅም። ካናቢሱ ሰውን ያረጋጋል፣ አያስቀምጠውም። የሚያስቀምጠው ሌላው ነው። ሰዉን አስሬ ልያዘው? በር ልዝጋበት? እንዲህ ይሻላል።»

«ወንድሜስ? ሳንባውን ታውቃለህ። ሐኪሟ የጻፈችውን ታውቃለህ።»

«ለወንድምዎ ኦክስጅኑ በየሳምንቱ መሆኑ ቀርቶ በየቀኑ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። ዛሬውኑ እፈርማለሁ።»

«እኔ አልጠቀልልም ብልስ?»

«ሌላ ሰው ይጠቀልላል። እናንተን በሰላም እንሸኛለን።» ይህን ሲል በፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም፤ ደክሞታል እንጂ። «ሰዉ የእርስዎን እጅ ያምናል። እኔ የምለምንዎት እንዳይናገሩ ብቻ ነው።»

ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ስምንቱ ጠቅላዮች «ምን አሉሽ?» አሏት። «ጥሩ ነው አሉ» አለች፣ እጇንም በርሜሉ ውስጥ ከተተች።

ይህን ያደረገችው ክፉ ስለሆነች አይደለም፤ ሂሳቧ ቀላል ነበር። በጣሪያዋ ሥር አንድ መሶብ ሙሉ የደረቀ ንጹሕ ሽፋን አላት። ለወንድሟ ከዚያ እየመዘዘች ትጠቀልልለታለች፣ እሱ ይድናል፣ ኦክስጅኑም ይመጣል። ሌላው ሰው ደግሞ፣ ሌላው ሰው ያው ቅጠል ሲያጨስ የኖረ ሰው ነው። እንዲህ እያለች ራሷን አባበለች። ነገር ግን ማታ ማታ በራፏ ላይ የሚያልፈው ሁሉ «እጅሽ ይባረክ አስናቁ» ሲላት አንገቷን ትደፋለች። ትሑት ናት አሏት። እፍረት ነበር። የዘነቡ እህት አንድ ቀን ደረቷን ይዛ እያሳለች መጥታ «በቆሎሽ ባትኖር ይሄኔ ሞቼ ነበር» አለቻት። አስናቁ ወደ ጓዳ ገብታ ሴትዮዋ እስክትሄድ ድረስ አልወጣችም።

ኦክስጅኑ እንደተባለው መጣ። ሰማያዊ ሲሊንደር ነው፣ ዳምጠው አጠገቡ አቁሞ እንግዳ ያስተዋውቅ ይመስል ለጎረቤት ያሳየዋል። ፊቱ ተመለሰ። በጥር ደረጃውን ሳያርፍ ወጣ። አስናቁ ይህን እያየች ሌላውን ሁሉ ለመርሳት ትሞክራለች፣ አንዳንድ ቀንም ይሳካላታል።

መሶቡ ግን መሶብ ነው፣ ይጎድላል። በቆሎ በየጓሮው እንዳይዘራ ተከለከለ። የተዘራውም ሽፋኑ ለድርጅቱ ገቢ እንዲሆን ታዘዘ። አስናቁ ሽፋኑን ለሁለት እየሰነጠቀች አብቃቃችው። ከሰፈር ለመነች፣ ማንም አልነበረውም። በመጋቢት አንድ ሐሙስ ጠዋት እጇን ከታ የመሶቡን ታች ብቻ ዳሰሰች።

በዚያን ቀን ከአዳራሹ ስትወጣ ሁለት የበርሜል ጥቅል ይዛ ወጣች፤ አለቃ ሁለት ይሰጠዋል። እቤት እንደደረሰች አንዷን ፈታች። ሽፋኑን በሞቀ ውኃ አጠበችው። በሳሙና አጠበችው። በአመድ ውኃ ዘፈዘፈችው፣ እንደገና አጥባ የቀረችው ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ቀለሙ ገረጣ። ሽታውን ለማወቅ አፍንጫዋን አላመነችም፤ ቀኑን ሙሉ እዚያው ውስጥ የዋለ አፍንጫ ነው። ምናልባት ለቋል፣ ለቆ ሊሆን ይችላል እያለች ጠቀለለችው። እጇ ወደ ግራ ዞረ።

ዳምጠው በራፉ ላይ ነው። ፀሐይዋ ገና አልገባችም። ቱቦውን ከአፍንጫው ነቅሎ ሲሊንደሩን ዘጋው፣ ወደዚያ አራቀው፣ ከዚያ ጥቅሏን ተቀበላት። እሷ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ክብሪቱን ጫረ፣ ሳበ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ለረጅም ጊዜ አልከፈተውም።

አስናቁ ጠበቀች። በልቧ አምላኳን ትለምናለች፣ የምትለምነው ግን ምን እንደሆነ ለራሷም ጠፍቷት ነበር።

ዳምጠው እስከ ጫፏ ድረስ አጨሳት። ከዚያ በፊት ግማሿን አጭሶ ያጠፋት ነበር።

«ወንድምዓለም» አለች። መቻል አቃታት። «ትምባሆ አለበት። የበርሜሉ ነው። የሁሉም ሰው እንደዚያ ነው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። የአንተን ብቻ ነበር የምለይ። ዛሬ አለቀብኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ስምንት ዓመት የራቅሁትን ጠረን በጎረቤት ቤት ጭስ ውስጥ አጣዋለሁ?» በእርጋታ ነበር የሚናገረው፣ ትንሽም ያለከልካል። «ሁለት ወር ሆነኝ። የምትናገሪ መስሎኝ ጠበቅሁ። ከዚያ ኦክስጅኑ ይቀርብኛል ብዬ እኔም ዝም አልኩ።»

አስናቁ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እጆቿ ይሸታሉ። ከጎረቤት የሚያስል ሰው ይሰማል፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ ሌላ ሰው። ሊቆጣት ይችል ነበር፤ እንዲቆጣትም ፈለገች። ቢሰድባት፣ ቢረግማት፣ ተነሥተን እንሂድ ቢላት በዚያችው ሰዓት ጨርቋን ጠቅልላ ትከተለው ነበር።

ዳምጠው ግን የሚያየው እሷን አልነበረም። ዓይኑ ደፉ ላይ ያስቀመጠችው ቦርሳዋ ላይ ነው።

«አስናቁ» አለ። «አለቃ ሁለት ነው የሚሰጠው አይደል?»

ሰጠችው።